ከሚትሪ ወለል በታች

በሕይወቱ ማንንም አምኖ የማያውቅ ሰው፣ አንድ ቀን ጠዋት፣ ከሁሉም አብልጦ ይጠረጥረው የነበረው ጎረቤቱ የተናገረውን ቃል ከልቡ አመነው? ወይስ ማመኑ ስለበጀው ያመነ መሰለ? ስለ ሚትሪ ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ራሴን እንደጠየቅኩ እንጃ፤ መልስ ግን የለኝም። አሁን እሱም ጎረቤቱም በሕይወት ስለሌሉ የሚጠየቅ ሰው እንኳ ጠፍቷል። ያደግኩት ፊት ለፊቱ ነው። የእኔን መስኮትና የእሱን መስኮት የምትለያቸው አንዲት ጠባብ መንገድ ናት፤ እጄን ብዘረጋ የመስኮቱን መዝጊያ እነካው ነበር። ያን ያህል ቀርቤም አላውቀውም።

ሚትሪ ዓሣ አጥማጅና መረብ ጠጋኝ ነበር። ረጅም፣ ጎበጥ ያለ፣ ሲሄድ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ የሚሄድ ሰው። ሚስት አላገባም፤ ከእናቱ ጋር ነው የኖረው። ከባሕር ሲመለሱ ሌሎቹ መቅዘፊያቸውን ጀልባቸው ውስጥ ጥለው ሲሄዱ እሱ በትከሻው ተሸክሞ ቤቱ ያስገባ ነበር። ዓሣ ያገኘበትን ቦታ ሲጠይቁት ሁልጊዜ በተቃራኒው ያመለክታል። ሰዉም ይህን ስለለመደ፣ ሚትሪ ወደ ደቡብ ካመለከተ ጀልባው ሁሉ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ሚትሪ ይህን የደረሰበት ጊዜ ደግሞ አልፎ አልፎ እውነቱን መናገር ጀመረ። በወደቡ ላይ «ሚትሪ ንስሐ ሲገባ ለቄሱ የሐሰት ስም ነው የሚሰጠው» ይሉት ነበር። ሲቀልዱበት አይስቅም፣ አይቆጣም። የተናገረውን ሰው ብቻ አይቶ ፊቱን በልቡ ይይዘዋል።

የማይደርስበት ቤት ደግሞ የአቡ ፋሪስ ቤት ነበር። አቡ ፋሪስ፣ ግድግዳው ከሚትሪ ግድግዳ ጋር የተጣበቀ፣ ድምፁ ከወደቡ ማዶ የሚሰማ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ግንበኛ ነው። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሚትሪ ሰላምታውን ይመልሳል፤ ግን ዓይኑን ከሰውዬው እጅ ላይ አያነሳም። ምክንያቱን ለመናገር ስለ ሰፈራችን ትንሽ ማለት ይኖርብኛል።

የእኛ መንገድ የአሮጌው ሰፈር የምሥራቅ ጫፍ ናት፤ የድሮው ደሴት አልቆ የተሞላው ባሕር የሚጀምርባት ቦታ። ከተማችን ጢሮስ በደሴትነቷ ዘመን ከመቄዶንያ የመጣው ንጉሥ በመርከብ ሊደፍራት አልቻለም። ስለዚህ በየብስ ያለውን ከተማ አፈራርሶ ድንጋዩን ባሕሩ ውስጥ እያፈሰሰ መንገድ ሠራ። ሥራው ወራት ፈጀ። ከግንቡ ላይ ቀስትና የጋለ አሸዋ እየወረደባቸው፣ ድንጋይ ተሸካሚዎቹ እየወደቁ፣ በወደቁት ላይ ሌላ ድንጋይ እየፈሰሰ መንገዱ ደረሰ። ከገባ በኋላ በከተማው ሰው ላይ ያደረገውን ማንሳት አልወድም። ከዚያ ባሕሩ በመንገዱ ግራና ቀኝ አሸዋ ሲከምር ኖረና ደሴቷ ከየብስ ጋር ተጣበቀች። ቤታችን የቆመው ሊያጠፋን የመጣ ሰው በሠራው መንገድ ላይ መሆኑን አንድ ቀን ለአክስቴ ለኡም ሱሄል ነገርኳት።

«እና አሁን ኪራይ ሊጠይቀን ነው?» አለችኝ።

በእንዲህ ያለ ቦታ ወለል የሚሰብር ሰው የሆነ ነገር ሳያገኝ አይቀርም። የተገኘው ነገር ደግሞ የመንግሥት ነው፤ ወሬው ከወጣ ሥራው ይቆማል፣ ቤቱ ይታጠራል፣ ባለቤቱም ዘመድ ቤት ገብቶ ውሳኔ ሲጠብቅ ያረጃል። ስለዚህ ሰፈሩ የራሱን ሥርዓት አበጅቷል። ወለል የሚሰብር ሰው መስኮቱን ይዘጋል፣ ሬዲዮኑን እስከ መጨረሻው ይከፍታል። ከአፈሩ ውስጥ አንድ ነገር ብቅ ካለ ሁለተኛ አይታይም። አፈር ይመለስበታል፣ ሲሚንቶ በዚያው ቀን ይፈስበታል፣ አየሁ አይባልም። ጎረቤትም ይህንን ያደርግልሃል፤ አንተም ታደርግለታለህ።

ከባሕር የሚወጣው ደግሞ ሌላ ነው። መረብ ይዞት የሚመጣውን የድሮ የመረብ ማስመጫ እርሳስ ማንም ቅርስ አይለውም፤ ቀዳዳው እንዳለ ስለሆነ ያገኘው ሰው መልሶ መረቡ ላይ ይሰካዋል። የሚትሪ አያት በስተደቡብ፣ ከሰመጡት ምሰሶዎች አጠገብ ጠልቆ አንድ የነሐስ መርፌ አውጥቶ ነበር፤ ሁለቱም ጫፉ እንደ እባብ ምላስ የተሰነጠቀ፣ የመረብ መስፊያ መርፌ። ዛሬ ከምንሠራበት መርፌ ጋር ልዩነት የለውም። አያትየው አሸዋውን ጠርጎ እዚያው ቀን መረብ ሰፋበት። ከእሱ ወደ ሚትሪ ታላቅ ወንድም ወደ ጂርየስ ተላለፈ። ጂርየስ መርፌውን ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነበር የሚይዘው፤ ለሰው ሠርግ ሲለብስ እንኳ አይለየውም ነበር ይላሉ።

ወራሪው ሠራዊት በደቡብ በኩል በገባበት ሰኔ፣ ከተማው ከባሕርም ከሰማይም ሲደበደብ፣ ሚትሪ እናቱን ይዞ ወደ ተራራው ዘመዶቻቸው ዘንድ ሸሸ። ጂርየስ ጀልባውን ልጠብቅ ብሎ ቀረ። ከወራት በኋላ ሲመለሱ የዝናቡ ወቅት ገብቶ ነበር። ጀልባው አለ። ጂርየስ የለም። የኋላው ክፍል ወለል ደግሞ አዲስ ሲሚንቶ ሆኖ ጠበቃቸው።

አቡ ፋሪስ በራሱ መጥቶ ነገራቸው፤ «የመድፍ ጥይት ጣራችሁን በስቶ ወለሉን ሰነጠቀው። እኔ ቀድሜ ስለተመለስኩ ዝናብ ሳይገባ ጣራውንም ወለሉንም ደፈንኩላችሁ። ለጎረቤት ነው፣ ምስጋና አያስፈልግም።»

እናትየው አመሰገነችው። ከዚያ አልጋዋን ከፊተኛው ክፍል አስነስታ አዲሱ ሲሚንቶ ላይ አስደረገች። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፤ «እኔ በሕይወት እያለሁ ይህን ወለል ማንም አይነካውም» ብቻ አለች። ቀን ቀን ልጇ ታስሮ ይሆናል፣ በባዕድ መርከብ ሄዶ ይሆናል እያለች መንገድ ስታይ ኖረች። ማታ ማታ እዚያ ላይ ትተኛለች። ሚትሪ ያንን ሃያ ዓመት ሙሉ እናቱን ከሲሚንቶው ላይ፣ አቡ ፋሪስን ከግድግዳው ማዶ እያዳመጠ ኖረ። ልትሞት ስትል ግን እጁን ይዛ «እኔ ስወጣ አልጋውን አንሳው። ከጎኔ ያለውን ቦታ ለወንድምህ ተውለት» አለችው። ሲያስታምሟት የነበሩት ሴቶች ናቸው ይህንን ለአክስቴ የነገሯት። የቤተሰቡ መቃብር ውስጥ ከእናትየው ጎን የቀረችው ያቺ አንዲት ቦታ ናት፤ ሚትሪ ወንድሙን አግኝቶ እዚያ ማስተኛት ነበረበት።

የሐዘኑ ጥቁር ጨርቅ ገና ከበሩ ላይ ሳይወርድ፣ አንድ ጠዋት አክስቴ በረንዳ ላይ ልብስ ስታሰጣ እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ሰማህ?»

«ምኑን?»

«ዘፈን! ከሚትሪ ቤት! የእናቱ አርባ ሳይወጣ!»

«ዜና ሊሰማ ከፍቶት ይሆናል።»

«ዜና በከበሮ ነው እንዴ የሚነበበው? እየቆፈረ ነው። በድንግል፣ እየቆፈረ ነው። ለቅሶ ላይ ያለ ሰው ሬዲዮ ከከፈተ ለራሱ ጆሮ አይደለም፣ ለእኛ ጆሮ ነው።»

እስከ ቀትር ድረስ ያልሰማ አልነበረም። ሌላው ሰው ሲቆፍር ማንም ጉዳዬ አይልም። ሚትሪ ግን መቅዘፊያውን እንኳ ከእኛ ይደብቅ የነበረ ሰው ስለሆነ ያገኘው ነገር ትልቅ መሆን አለበት ተባለ። ወደቡ ዳር መረብ የሚያሰጡት ሰዎች ሥራ ፈቱ።

«ወርቅ ቢያገኝ መጀመሪያ የሚገዛው ምን ይመስላችኋል?»

«ሁለተኛ ቁልፍ።»

«አይደለም፣ የመጀመሪያውን ቁልፍ የሚጠብቅ ውሻ።»

«ውሻውንስ ማን ይጠብቀዋል?»

በሁለተኛው ቀን አቡ ፋሪስ በሩን አንኳኳ። እኔ መስኮቴ ላይ ነበርኩ። ሚትሪ በሩን በፊቱ ልክ ብቻ ከፈተው። ፀጉሩ በሲሚንቶ ብናኝ ነጭ ሆኗል።

«ሙዚቃው ደስ ይላል» አለ አቡ ፋሪስ። «እናትህ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ዘፈን ትወድ ነበር?»

«አትወድም ነበር።»

«ግድግዳዬ እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ሚትሪ። የኋላውን ክፍል ነው የምትሰብረው?»

«ቧንቧ ፈንድቶብኝ ነው።»

«እዚያ ክፍል ቧንቧ የለም። ወለሉን የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ ሚትሪ። «አንተ እንደሠራኸው አውቃለሁ።» በሩን ዘጋው።

አቡ ፋሪስ ከቤቱ ወንበር አመጣና ከሚትሪ በር ፊት ለፊት፣ ከመስኮቴ ሥር ተቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለምሳ ብቻ ነው የሚነሳው። አላፊ አግዳሚው ድርሻውን እየጠበቀ ነው አለ። እኔ ግን ከላይ ሆኜ ፊቱን አይ ነበር፤ ወርቅ የሚጠብቅ ሰው ፊት አልመሰለኝም። ምን እንደሚመስል ግን ልለየው አልቻልኩም። ውስጥ ደግሞ ሚትሪ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ወንበር ላይ ቁጭ እያለ ነው የሚያድረው ተባለ። ባሕር መውጣት ተወ፣ እንቅልፍም ተወ።

አንድ ጠዋት ሬዲዮኑ ጸጥ አለ። የሚትሪ መስኮት ተከፈተና ቀልተው ያበጡ ዓይኖቹ ታዩ።

«አንተ አንባቢ፣ ና ውረድ» አለኝ።

በዚያ ሁሉ ዓመት ቤቱ ጠርቶኝ አያውቅም። ስወርድ አቡ ፋሪስ እግሩን ሰብስቦ አሳለፈኝ። «ዕድሜ ልኬን ጎረቤቱ ለሆንኩት ያልተከፈተ በር ለአንተ ተከፈተ? ምን ብታነብለት ነው?» አለኝ። ሚትሪ አስገብቶ በሩን ቆለፈ፣ ከዚያ ስልኬን ተቀብሎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠ፣ የሸሚዜን ኪስ በእጁ ዳበሰ።

የኋላው ክፍል ወለል ተነስቶ ጉድጓድ ሆኗል። ቀይ የሆነ እርጥብ አሸዋ ነው። አጽሙ በጎኑ ተኝቷል፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ ልክ እንደበረደው ሰው። ልብስ የለም፣ ጫማ የለም፣ የሸሚዝ ቁልፍ እንኳ አላየሁም። ከጎድን አጥንቱ አጠገብ ግን ጫፎቹ የተሰነጠቁ አንድ የነሐስ መርፌ አለ።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«ሌሊቱን ሙሉ ታነብ የለም እንዴ?»

«መጽሐፍ ነው የማነበው እንጂ አጥንት አላነብም።»

«እዚህ የሞቱትን መጽሐፉ አይናገርም?»

«ብዙ ሰው ሞቷል፣ አጎቴ ሚትሪ። ድንጋይ ሲያፈሱ ከግንቡ ላይ የተወረወረባቸው አሉ። ከተማው ሲያዝ የሞቱ አሉ። ከዚያ በኋላ ደግሞ…»

«በኋላው ይቅር።» ጎንበስ ብሎ መርፌውን አነሳ። «የጂርየስ ነው» አለ። ቀና አድርጎ ብርሃን ላይ አየው። «የጂርየስ ይመስላል።»

ያኔ ገባኝ። ሙዚየሙ ውስጥ መስታወት ሥር ያሉት መርፌዎች ሁሉ እንደዚህ ናቸው። የጂርየስ መርፌ የድሮ ሰው መርፌ ነበር፤ የድሮ ሰውም ቢሆን በዚህ ወደብ ላይ ከሞተ ኪሱ ውስጥ ከዚህ የተለየ መርፌ አይኖረውም። ሚትሪ እዚያ ቆሞ፣ ሰውን ሁሉ ሲጠረጥር የኖረው ዓይኑ አሁን ራሱን መጠርጠር ጀምሮ ነበር።

«ለቅርስ ሰዎች ብንነግራቸውስ? መርምረው ያውቁታል» አልኩት።

«ቢያውቁትስ? ሁለት ሺህ ዓመቱ ነው ቢሉኝ ቤቴንም ወንድሜንም ይወስዱብኛል። ሃያ ዓመቱ ነው ቢሉኝ…» በአገጩ ወደ በሩ አመለከተ። ከበሩ ውጭ አቡ ፋሪስ ተቀምጧል። «ያን ጊዜ ይህን ሰው ምን አደርገዋለሁ?»

ሄዶ በሩን ከፈተና «ግባ» አለው። አቡ ፋሪስ ገብቶ ጉድጓዱን አየ፤ ኮፍያውን አውልቆ አማተበ።

«ወርቅ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። ቅር ብሎት ይሁን ቀሎት አልታወቀኝም።

«የደፈንከው አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«ምን አይተህ ነው የደፈንከው?»

«ጣት። የእጅ ጣት ነው ያየሁት። መድፉ ወለሉን ከፍቶት ነበር።»

«ደረቅ ነበር? ሥጋ ነበረበት?»

«አላየሁም።»

«ዓይን የለህም?»

«አላየሁም አልኩህ!» ድምፁ ቤቱን ሞላው። «በዚህ ሰፈር ማን ነው አይቶ የሚያውቀው? አባትህ የማድቤቱን ወለል ሲሠራ የድንጋይ ፊት ሲያገኝ አይቷል? እኔ ነበርኩ አብሬው፤ ጀርባችንን ሰጥተን ነው የደፈንነው! አሸዋ መለስኩበት፣ ሲሚንቶ አቦካሁ፣ አፈሰስኩ። የድሮ ሰው ነው ብዬ ነው። ቤታችሁ እንዳይወሰድ ብዬ ነው። አንተስ ብትሆን ይህንኑ አታደርግልኝም ነበር?»

«ጂርየስ ጠፍቶ ሳለ?»

«መጥፋቱን መች አወቅኩ? ከእናንተ ጋር የሄደ ነበር የመሰለኝ። ስትመለሱ ነው ሁለታችሁ ብቻ መሆናችሁን ያየሁት።»

«ያን ጊዜስ?»

«ያን ጊዜ ሲሚንቶው ደርቆ ነበር።»

ሚትሪ የመርፌውን ጫፍ በአውራ ጣቱ ይዳብሳል። «እናቴ አልጋዋን እዚያ ላይ ስታስደርግስ?»

«ያን ቀን አሰብኩ። አስቤ ታምሜ ተኛሁ፤ ሚስቴን ጠይቃት። ምን ልበላት? ልጅሽን በገዛ እጄ ደፈንኩት ልበላት? ካልሆነስ? የማላውቀው የድሮ ሰው ቢሆንስ? ይመጣል ብላ መንገድ እያየች!»

«ትዋሻለህ።»

«ልዋሽ ብፈልግ ከዚህ የተሻለ አጣ ነበር?»

በዚህ መሃል የአክስቴ ድምፅ ከበረንዳው ወረደ። «ሚትሪ! አንተ ሚትሪ! መንግሥት መጣብህ!»

ማን እንደጠቆመ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ሚትሪ አቡ ፋሪስን አየ፣ አቡ ፋሪስ እኔን አየኝ፤ እኔም፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ የአክስቴ ድምፅ ወደመጣበት ተመለከትኩ። ከቅርስ ጥበቃ የመጣው ወጣት ንጹሕ ጫማ ያደረገ፣ ትሑት ሰው ነው። ከኋላው አንድ ፖሊስ አለ፣ ከፖሊሱ ኋላ ደግሞ አክስቴ። ሚትሪ ጉድጓዱን በሰውነቱ ለመጋረድ ሞከረ፤ ግን ምን ሊጋርድ ይችላል? ወጣቱ ተንበርክኮ አየ፣ ከዚያ ከሚትሪ እጅ መርፌውን ተቀብሎ አየ።

«ይህን እዚህ ነው ያገኘኸው? የድሮ ነው። በጣም የድሮ።»

«የወንድሜ ነው።»

«እንዲህ ያለው መርፌ የሮማውያን ዘመን ነው፣ ምናልባትም ከዚያ የቀደመ።»

ፖሊሱ ሳቀ። «ወንድምህ ሮማዊ ነበር እንዴ?»

«አትሳቅ!» አለ አቡ ፋሪስ። ሁላችንም ዞር አልን። የእናትየው አልጋ ራስጌ ከነበረበት በላይ ወደተሰቀለው የጌታ ስዕል ሄዶ መዳፉን ስዕሉ ላይ አሳረፈ። «ይህ ሰው ጂርየስ ነው። እኔ ነኝ የቀበርኩት። መድፉ ሲወድቅ እዚህ ክፍል ውስጥ ነበር። ስደርስ አልቆለት ነበር። መቃብር እንዳልወስደው መንገዱ ይደበደባል፤ መድፉ የከፈተውን ጉድጓድ በእጄ አስፍቼ እዚያው አስተኛሁት። ለእናቱ ለመናገር አቅም አጣሁ። ሃያ ዓመት አቅም አጣሁ። መርፌው ኪሱ ውስጥ ነበር። ከባሕር ያወጣው አያቱ ነው፤ የሰፈሩን ሰው ጠይቅ። ውሸት ከሆነ ይህ እጄ ይድረቅ።»

«መርፌውን አውቀዋለሁ!» አለች አክስቴ ከበሩ ላይ። «ጂርየስ ነፍሱን ይማረው፣ እኔ ራሴ ተውሼው መረቤን ሰፍቼበታለሁ!»

አክስቴ በሕይወቷ መረብ ይዛ አታውቅም።

ወጣቱ ሁላችንንም በየተራ አየን። ያልተማመነ ሰው አስተያየት ነው፤ ደግሞም አይፈረድበትም። ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ወርዶ ዳርና ዳሩን በእጁ ጠራረገ፤ ግንብ የለም፣ ንጣፍ የለም፣ አሸዋ ብቻ ነው። ስዕሉ ላይ እጁን ዘርግቶ የቆመ ሽማግሌና ጥቁር የለበሰ ሐዘንተኛ ፊት ለፊቱ ናቸው። ፖሊሱን ወደ ውጭ ወስዶ ረጅም ጊዜ አወራው። ሲመለስ «ወንድም ከሆነ ጉዳዩ የቄሱና የእናንተ ነው» አለ። መርፌውን ሲመልስ እጁ ትንሽ ዘገየ።

መኪናው ከሄደ በኋላ ሚትሪ ከአቡ ፋሪስ ፊት ቆመ።

«ቅድም ይህንን ለምን አልነገርከኝም?»

«ቅድም ብነግርህ ታምነኝ ነበር?»

«ከሁለቱ የትኛው ነው እውነቱ?»

«የማልኩበት» አለ አቡ ፋሪስ።

ሚትሪ ብዙ አየው። ያን ጊዜ በልቡ ያለፈውን ሁሉ እኔም አስቤዋለሁ። የማለበት እውነት ከሆነ፣ የመጀመሪያው ውሸት ነበር፤ እናትየውም ልጇ ላይ እየተኛች በከንቱ መንገድ ያየችው እሱ ዝም ስላለ ነው። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ደግሞ፣ ሰውዬው የጎረቤቱን ቤት ለማዳን በጌታ ስዕል ላይ በሐሰት ምሏል፤ አጽሙም የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ሦስተኛ ነገርም አለ፤ በዚያ ሰኔ ባዶ ሰፈር ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፣ በሕይወት የወጣው አንዱ ነው። ይህንን ሚትሪ ሳያስበው ቀርቷል ማለት አልችልም።

«እሺ» አለ ሚትሪ።

በማግስቱ ቀበሩት። ሳያገባ የሞተ ጎልማሳ ስለሆነ ሳጥኑ ነጭ ነው፤ ሴቶቹም እንደ ሙሽራ እልል እያሉ፣ ሩዝና የአበባ ቅጠል ከየመስኮቱ እየበተኑ ሸኙት። በፊት በኩል ሚትሪና አቡ ፋሪስ ትከሻ ለትከሻ ተሸከሙ። መንገድ ላይ አክስቴ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ለአጥንት አልከበደም?» አለችኝ። ወርቁ ሳጥኑ ውስጥ ነው የሚሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። እኔ ግን የማየው ሌላ ነገር ነበር፤ ሚትሪ መርፌውን ሳጥኑ ውስጥ ይከተው ይሆን ብዬ እጁን ስጠብቅ ነበር። አልከተተውም። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ አስቀረው፤ ከዚያ በኋላም እስኪሞት ድረስ መረብ የሚሰፋው በእሱ ነው። የወንድሙን ማስታወሻ መያዙ ነው ወይስ ከማያውቀው ሟች የወሰደውን መሣሪያ መልሶ ሥራ ላይ ማዋሉ? ከፊቱ ላይ ማንበብ የሚቻል ነገር አልነበረም። ከእናቱ ጎን ያለችው ቦታ ግን ተያዘች፤ የመቃብሩ በር ሲዘጋ ሚትሪ ድንጋዩን በሁለት እጁ ገፍቶ ዘጋው።

ከቀብር ስንመለስ አቡ ፋሪስ የግንብ ማንኪያውንና ባልዲውን ይዞ መጣ።

«ሲሚንቶ ላቡካልህ?»

«ይቅር። አሸዋው ይበቃል።»

ሁለቱ ሆነው አሸዋውን መለሱት፤ ያለ ሬዲዮ፣ መስኮቱን ከፍተው። አካፋውን ይቀባበሉ ነበር። ሲጨርሱ አቡ ፋሪስ ልብሱን አራግፎ ወደ ቤቱ ሄደ። ሚትሪ ከማዕዘን ምንጣፍ አንስቶ በአሸዋው ላይ ዘረጋ፤ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ ጉልበቱን አጥፎ በጎኑ ተጋደመ። ትንፋሹ እስኪረዝም ድረስ በተከፈተው መስኮት በኩል አዳመጥኩ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰደው።